አንድ ማንኪያ እርሾ ፍለጋ ወደ ዳንግላ

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ባሕር ዳር

የዚህ ጉዞ ምክንያት አንድ ማንኪያ እርጎ ነው። ለአንድ ማንኪያ እርጎ ከሰማንያ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ሰው ጤነኛ አይመስልም፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

የምሠራው ባሕር ዳር፣ በአንድ የምግብ ቤተ ሙከራ ውስጥ በቴክኒሻንነት ነው። ሁለት ዓመት የለፋንበት ሥራ በአጭሩ ይህን ይመስላል። መኖ ሲሻግት ሻጋታው መርዝ ያወጣል። ላሟ ያንን መኖ ስትበላ መርዙ መልኩን ለውጦ ወደ ወተቷ ያልፋል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም፣ ጣዕሙም ሽታውም አይለወጥም። ዛሬ ጠጥቶ ዛሬ የሚታመም የለም፤ ጉዳቱ ቀስ እያለ በጉበት ላይ ይጠራቀማል፣ በሕፃናት ላይ ደግሞ ይበረታል። ደግነቱ እርጎ ውስጥ ከሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ይህን መርዝ ይይዙታል። አይበሉትም፣ አይገድሉትም። ጭጎጎት ጋቢ ላይ እንደሚጣበቅ መርዙ የባክቴሪያው ገላ ላይ ይጣበቃል። ከየወረዳው ከሰበሰብናቸው እርጎዎች ሁሉ በዚህ የበለጠው ከዳንግላ ገጠር፣ ከወይዘሮ የሻረግ ቅል የቀዳሁት ነበር።

ነበር የምለው ስለሞተ ነው። በመስቀል ሰሞን መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩም ነዳጅ አልነበረውም። ነዳጅ እንዲሞሉ ከተነገራቸው ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው ሌላው ይሞላዋል ብለው ለበዓሉ ወደየቤታቸው ሄዱ። ከሁለቱ አንዷ እኔ ነኝ። ስንመለስ ማቀዝቀዣው እንደ ቁም ሳጥን ሞቆ ቆየን።

አለቃዬ አልተቆጡም። «ከየት ነበር ያመጣሽው?» አሉኝ።

«ከዳንግላ።»

«ዳንግላ ደግሞ ከቦታዋ አልተነሳችም» አሉና የጉዞ ወረቀቴን ፈረሙ።

የቀረን ጊዜ አጭር ነው። በሚቀጥለው ወር ባክቴሪያውን በብዛት አራብተን በማቀነባበሪያ ደረጃ መሞከር አለብን፤ ካልሆነ የሁለት ዓመቱ ልፋት መዝገብ ቤት ይገባል። እኔ ግን ብዙም አልተጨነቅኩም። ሴትዮዋ አሉ፣ ቅሉም አለ። ማንኪያ ይዞ መሄድ ብቻ ነው።

መናኸሪያ ስደርስ መጀመሪያ የጠየቅኩት የሰሞኑን ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው፤ መንገድ ክፍት ነው ወይ? ረዳቱ «ለጊዜው» አለኝ። ለጊዜው ይበቃኛል ብዬ ተሳፈርኩ። የበረዶ ሣጥኔን ጉልበቴ ላይ ሳስቀምጥ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ሣጥኑን አይተው እኔን አዩ።

«ዓሣ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አባባ፣ ባዶ ነው።»

«ባዶ ሣጥን ታቅፎ መሄድ ምን ይሉታል?» አሉ።

መሸንቲን፣ መራዊን፣ ወተት አባይን አለፍን። ከዱርቤቴ በኋላ ግራና ቀኙ ቢጫ ነው፤ ኑጉ አበባ ላይ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ አነሳው። እኔም አነሳሁ። የኑግ ዘይት ከወጣ በኋላ የሚቀረው ተረፈ ምርት ፋጉሎ ሆኖ ለላም እንደሚቀርብ፣ እኛን የሚያለፋንም የእሱ መሻገት መሆኑን አሰብኩና ስልኬን መለስኩ።

አምስት ሰዓት ላይ፣ ዳንግላ

ዳንግላ ላይ የጠበቀኝ አለኸኝ ነው። የወረዳው የእንስሳት ባለሙያ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። አማርኛና አዊኛ እኩል ይናገራል፤ ባለፈው ሚያዝያም ለወተት ማኅበሩ ሴቶች ስናገር ያስተረጎመልኝ እሱ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ሽሮ በላን። ሽሮው ጥሩ ነበር፣ እንጀራው ግን የትናንት ነበር። አስተናጋጇን ብጠይቃት ሳታፍር «የትናንት ነው፣ ግን ወፍራም ነው» አለችኝ።

አለኸኝ የመጨረሻውን ጉርሻ ሲውጥ፣ «እትዬ የሻረግ ወተት ለማኅበሩ ማቅረብ ካቆሙ ቆዩ» አለኝ።

«ለምን?»

«ማኅበሩ በዚያ በምታውቂያት ወረቀት መለካት ጀምሯል። ከነሐሴ ወዲህ የእሳቸው ወተት መርዝ እያሳየ ተመለሰ።»

ወረቀቷን አውቃታለሁ፤ እኔም በሣጥኔ ይዣለሁ። እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለች ቀጭን ነገር ናት። ወተት ውስጥ ተነክራ ሁለት መስመር ካወጣች ወተቱ ደህና ነው፣ አንድ ብቻ ከሆነ አይደለም። ማኅበሩ መለካት መጀመሩ ጥሩ ዜና ነው ብዬ አሰብኩ። የተመለሰው ወተት ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ ግን አልጠየቅኩም። ይህን ልብ በሉልኝ።

በባጃጅ እስከ ኮረኮንቹ ጫፍ ሄድን። ባለባጃጁ ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው ብሎ አልሄድም አለ። በጥቅምትም ጭቃ አለ? ብዬ ብጠይቀው፣ «እዚህ አገር ዝናብ የሚወጣው በልመና ነው» አለኝ። ቀሪውን አርባ ደቂቃ ያህል በእግር ሄድን። አንድ ምንጭ ተሻገርን፣ አንድ ውሻ ተከተለንና ሰለቸውና ተመለሰ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እትዬ የሻረግ ቤት

እትዬ የሻረግ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲራመዱ ሩጫ የሚመስልባቸው ሴት ናቸው። «ዶክተር መጣችልን!» ብለው ተቀበሉኝ።

«ዶክተር አይደለሁም» አልኳቸው።

«ቀስ ብለሽ ትሆኛለሽ» አሉ።

ረቡዕ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጽጌንም ይጾማሉ። ስለዚህ ያቀረቡልን ቅቅል ድንች በአዋዜ ነበር። ልጃቸው ከተማ ቀን ሥራ ስለምትውል የልጃቸው ልጅ ቤዛ ከሳቸው ጋር ናት። አሥር ወሯ ነው፤ ሁለት የታች ጥርስ አውጥታለች፣ ያገኘችውን ሁሉ በሁለቱ ትሞክራለች። ቅሉ ባለፈው ባየሁበት ቦታ፣ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። የእርጎው እርሾ ማለት ከቅሉ ሥር ሳይታጠብ የሚቀረው ነው፤ አዲሱ ወተት በላዩ ሲጨመር ያረጋዋል። ሣጥኔን ከፍቼ የጸዳች ጠርሙሴን አወጣሁ።

እትዬ የሻረግ ከቅሉ ወደ ትንሽ ጣሳ ቀዱ። ለእኔ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ቤዛን ጭናቸው ላይ አስቀመጧትና ማንኪያ አነሱ።

«በዚህ ጾም እርጎ የሚበላው እሷ ብቻ ናት» አሉኝ። «ጠዋት ጣሳ፣ ማታ ጣሳ። ተመስገን፣ ወተቱን አልደፋሁት።»

«የትኛውን ወተት?»

«ማኅበሩ የመለሰውን ነዋ።»

ጣሳውን አየሁ። አተያየቴን አልወደዱትም።

«ምን ላርገው ታዲያ? አንቺ አይደለሽ ዛፉ ሥር ቆመሽ፣ የእናንተ እርጎ መርዙን ያጸዳዋል ያልሽን? እኔም ሁሉንም አረጋሁት። ጥሬውንማ አንድ ቀን አልሰጠኋትም፣ ማርያምን!»

ብያለሁ። ባለፈው ሚያዝያ ውጤቱን ይዤ መጥቼ፣ ማኅበሩ ወተት በሚሰበስብበት በዛፉ ሥር፣ ለሴቶቹ ሁሉ ልክ እንደዚያ ብያለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። አለኸኝም በትክክል ነው የተረጎመው። መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፣ የተጣበቀውም ተመልሶ ሊላቀቅ ይችላል የሚለው እውነት ወረቀቴ ላይ ነበረ፤ ከአፌ ግን አልወጣም። አጭር ንግግር ሴቶቹን አያሰለችም ብዬ ነበር።

አሁን አንድ ነገር እናዘዛለሁ። ጠርሙሱ በእጄ ነው፤ ቅሉ ከእጄ አንድ ክንድ ይርቃል። መጀመሪያ ማንኪያዬን ልሙላ፣ እውነቱን ከዚያ በኋላ ልንገራቸው ብዬ አሰብኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን አስቤዋለሁ። ቤዛ ደግሞ ማንኪያው ሲቀርብላት ሁለቱን ጥርሶቿን አሳይታ አፏን ከፈተች።

«ይቆዩ! አይስጧት» አልኩ።

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። እየተደናቀፍኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እርጎው የተወሰነውን ብቻ እንደሚይዝ፣ ወተቱ ብዙ መርዝ ካለው የሚቀረውም ለሕፃን ብዙ እንደሆነ፣ የምድጃ እሳትም እንደማይረዳ። የተሳሳቱት እሳቸው እንዳልሆኑ፣ እኔ እንደሆንኩም ነገርኳቸው። እትዬ የሻረግ ማንኪያውን ጣሳው ውስጥ መለሱት። ለአለኸኝ በአዊኛ አንድ ነገር አሉት። አልተረጎመልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አለኸኝ ክንዴን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። «መኖውን እንይ» አለኝ፤ ሴትዮዋን ለብቻቸው ሊተዋቸው መሰለኝ። ፋጉሎው በሁለት ማዳበሪያ ሆኖ ከግድግዳው ሥር፣ ከአፈሩ ላይ ተቀምጧል። ከላይ ደረቅ ነው። እጁን ሰዶ ከሥር ሲያወጣ ግን አረንጓዴና የተጋገረ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ከመሬት ውኃ ሲጠጣ የከረመ መኖ ነው። ላሞቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የበሉት ይህንኑ ነው።

ስንመለስ ቤቱን የወይራ ጭስ ሞልቶታል። ቅሉ ተደፍቶ፣ በፈላ ውኃ ታጥቦ፣ አፉን ወደ ታች አድርጎ ፍሙ ላይ እየታጠነ ነበር። ጣሳውም፣ ማንኪያውም፣ የእኔ ጠርሙስ ሳይቀር ታጥበው ተደርድረዋል።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ?» አልኩ።

«ምን ላድርግ? መርዝ የነካውን ቅል ላሳድረው ኖሯል?»

ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ወተት የምትይዝ የዚህ አገር ሴት ሁሉ እንዲህ ነው የምታደርገው፤ የተበላሸ ነገር ከተጠረጠረ ዕቃው በፈላ ውኃ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ባክቴሪያ ለመግደል ከዚህ የበለጠ ዘዴ እኛም ቤተ ሙከራ የለንም። የመጣሁለት ነገር እኔው ባወራሁት እውነት ሞተ። ያኔ ነው ለምን እንደመጣሁ የተናገርኩት።

እትዬ የሻረግ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። «ቀድመሽ አትናገሪም? አንድ ማንኪያ አስቀርልሽ ነበር» አሉ። ትንሽ ቆዩና ደግሞ፣ «አይ፣ አላስቀርልሽም ነበር። የልጅ ነገር እየነገርሽኝ የማንኪያ ነገር ማን ያስባል?» አሉ።

ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ወደ ፍሙ ተመልሰው ቅሉን አዟዟሩት። «እርሾዬ ግን አልሞተም» አሉኝ ሳያዩኝ። «ሰው ቤት ያለ እርሾ መች ይሞታል? ሙሉነሽ ዘንድ አለ።»

ሙሉነሽ በብዙ ዓመት የሚበልጧት ታናሽ እህታቸው ናት፣ ቆሰበር ነው የምትኖረው። ቆሰበር የሚሉት እንጅባራን ነው፤ የከተማው የቀድሞ ስም ነው፣ እዚህ አካባቢ ያሉ ሰዎች አሁንም ይጠሩበታል። የዛሬ ሦስት ዓመት የሙሉነሽ እርጎ አልረጋ ሲላት ከእህቷ ቅል እርሾ ወስዳለች። እዚህ የቆየ ደንብ አለ፤ እርሾ የወሰደ ሰው፣ የሰጪው የጠፋ ቀን ይመልሳል። ስልክ ብንሞክር ኔትወርክ የለም። እትዬ የሻረግ ጓዳ ገቡና የቅሉን ክዳን ይዘው ወጡ። ከአክርማ ሣር የተሰፋ፣ ጠርዙ በቀይ የተከበበ ትንሽ ክዳን ነው።

«የእናታችን ሥራ ነው። ይህን ካላየች አትሰጥሽም፤ ስታመጪ ለእኔም አምጪ» አሉኝ።

ቤዛ ጣሳዋ ስለተወሰደባት እያለቀሰች ነበር። አለኸኝ ከጎረቤት፣ ማኅበሩ ትናንት ለክቶ ከተቀበላት ሴት፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ለምኖ ሲያመጣላት ነው የተውናቸው።

ሐሙስ፣ ወደ እንጅባራ

ዳንግላ አድሬ በማለዳው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አዲስ ቅዳም ስንደርስ መንገዱ ዳር በከሰል ማዳበሪያ ታጥሯል። ሾፌሩ ወርዶ ለቤቱ ሁለት ማዳበሪያ ሲጭን ግማሽ ሰዓት ቆምን፤ ማንም አላጉረመረመም። ግማሹ ተሳፋሪ ራሱም ወርዶ ዋጋ ይጠይቅ ነበር። እኔ የአንድ መደብ ድንች ሃያ ብር ሲባል ሰምቼ ርካሽ ነው ብዬ ገዛሁና፣ ድንች ታቅፌ እርሾ ፍለጋ የምሄድ መሆኔ ትዝ ሲለኝ አጠገቤ ለነበረችው ሴትዮ ሰጠኋት። «ምን በድለሽኝ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

እንጅባራ ስንገባ ጉም ነበር። ብርዱ ከባሕር ዳር ለመጣ ሰው አይራራም፤ ጃኬት አልያዝኩም። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ መንገዱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ የሚሸጡ ሰዎች ዕቃቸውን በላስቲክ ሸፍነው ቆመዋል። የሙሉነሽን ቤት ለማግኘት አልተቸገርኩም። ለሾፌሮች ሻይ፣ ዳቦና እርጎ ትሸጣለች፤ ባለባጃጁ «እርጎዋ ሙሉነሽ» ስለው ወዲያው ወሰደኝ።

ከእኔ በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። አንቱ ስላት፣ «አንቱታውን ለእህቴ ተይው፣ እኔ አላረጀሁም» አለችኝ። ክዳኑን ከቦርሳዬ ሳወጣ ግን ሳቋ ጠፋ።

«ይህ ክዳን ከቤት አይወጣም። እህቴ ምን ሆነች?»

ደህና መሆናቸውን ነገርኳት። ከዚያ ሌላውን ነገርኳት፤ ለሁለተኛ ጊዜ መናገር ከመጀመሪያው ይቀላል ብዬ ነበር፣ አልቀለለም። ሙሉነሽ ቆማ ሰማችኝ፤ ስጨርስ አንድ ብቻ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ልጅቷ ምን ሆነች?»

«ዛሬ የሚታይ ነገር የለም።»

«ነገስ?»

«አላውቅም» አልኳት። እውነቱ ይህ ነው። መርዙ ምን ያህል እንደነበረ፣ እርጎው ምን ያህሉን እንደያዘው፣ ገላዋ ውስጥ ምን እንደቀረ የሚነግረን ማንም የለም።

ወተቷን በወረቀቷ ለካሁላት። አሥር ደቂቃ ሁለታችንም ወረቀቷ ላይ ስናፈጥ ቆየን። ሁለት መስመር ወጣ። መኖሽን የት ታስቀምጫለሽ ብዬ ጠየቅኳት። ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ፋጉሎዋ በወገብ ቁመት ልክ በተሠራ የቀርከሃ ቆጥ ላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ዶሮዎች ይመላለሳሉ፣ ነፋስ ያልፋል። ዝናቡ እህቷ አገር ከሚዘንበው አይተናነስም፤ መኖው ግን እንደ ቆሎ ደረቅ ነበር።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«ማን ያስተምረኛል? ዶሮዎቹን ለማሳደር ነው የሠራሁት። ቦታ ሲጠበኝ ፋጉሎውን ከላይ ጫንኩበት» አለችኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ መርዙን ከወተት ውስጥ የሚለቅም ባክቴሪያ ስንፈልግ ከርመናል። መርዙ ወተቱ ውስጥ እንዳይገባ የሚያደርገው ነገር የዶሮ ቆጥ ነበር። ባክቴሪያው አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ መኖው ሳይታወቅ ሲሻግት ያግዛል፣ ሥራችንም እሱ ነው። ብቻ ተራውን ገልብጠነው ነበር።

እርሾውን በሁለት ጠርሙስ ቀዳችልኝ። ከዚያ ጠርሙሶቹን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ አሰረቻቸው። ሣጥኑ ክዳን አለው ብላት አልሰማችኝም። «ወተት ለዓይን ተገልጦ መንገድ አይወጣም» አለችኝ። አልተከራከርኳትም። ባለፈው ጊዜ ማኅበሩ ፊት ሁሉንም ነገር አውቃለሁ ብዬ የደረሰብኝ ይበቃኛል።

ለእህቷ የላከችው ግን ይህ ብቻ አልነበረም። ከመንገዱ ዳር አንድ የቀርከሃ ቆጥ ተከራክራ ገዝታ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስጫነችው። ረዳቱ ለቆጡ እንደ አንድ ሰው ከፍዪ ብሎኝ ከፈልኩ። ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲያ ተጠፍሮ አይሄድም ነበር።

ዓርብ፣ ተመልሶ ዳንግላ

እትዬ የሻረግ ማልደው ቤዛን ጤና ጣቢያ ወስደዋት ጠበቁኝ። ክብደቷ ጥሩ ነው ብለዋቸዋል። ደስ አላቸው፤ እኔም ደስ አለኝ። ሚዛን ይህን መርዝ እንደማያሳይ ግን ሁለታችንም አውቀነዋል። የሻገተውን ፋጉሎ አለኸኝ ከውኃው ርቆ ቀበረው። ቆጡን ከግድግዳው ነጠል አድርገን ተከልነው። እርሾውን እሳቸው ራሳቸው በታጠነው ቅል፣ በጎረቤት ወተት ላይ ጨመሩት፤ ክዳኑንም ገጠሙት።

ሣጥኔን አንስቼ ልሰናበት ስል፣ «የት ነው?» አሉኝ።

«ወደ ባሕር ዳር። ልሂድ፣ መኪና እንዳያመልጠኝ።»

«ነገ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ሴቶቹ ሁሉ ወተት ይዘው ዛፉ ሥር ይመጣሉ» አሉኝ። «በአደባባይ የተናገርሽውን በጓዳ አታርሚውም፣ ልጄ።»

በረዶው ይቀልጣል ልል አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ሳይቆጡ ነበር የሚያዩኝ። ሣጥኑን መልሼ አስቀመጥኩት። አለኸኝ በረዶ ፍለጋ ከተማ ሄዶ ከአንድ ለስላሳ መሸጫ ለምኖ አመጣልኝ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዛፉ ሥር

ሴቶቹ ሃያ ይሆናሉ፤ ጣሳቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ወተት ለኪው ወረቀቶቹን ይደረድራል። እኔ ከሚያዝያው ንግግሬ ረዘም ያለ ንግግር ተናገርኩ፣ አለኸኝም በአዊኛ ደገመው። ያኔ ያጸዳዋል ያልኳችሁ ስህተት ነው፤ ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም አልኩ። ማኅበሩ የመለሰው ወተት ቢረጋም ለልጅ አይሰጥም፤ መጀመሪያ መኖውን ከመሬት አንሱ አልኩ።

ከኋላ የቆመች አንዲት ወጣት ሴት ጣሳዋን መሬት አስቀመጠች።

«እኔ ለመንታዎቹ ስሰጥ የከረምኩትስ?» አለች።

ከጎኗ ያለችው ሴትዮ ቀና አለችና አየቻት። «አንቺም?» አለቻት። ከዚያ ሌላ ሴት እጇን ብቻ አነሳች። ከእትዬ የሻረግ ጋር አራት ሆኑ።

ለአራቱም የማውቀውን ነገርኳቸው፤ የማላውቀውንም ጭምር። ሰደቡኝ ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ ግን አልሰደቡኝም። ባለመንታዋ ፋጉሎዋን ዛሬውኑ እንዲያይላት አለኸኝን ቀጠረችው። ጣሳዋን አንስታም ወደ ሰልፏ ገባች። እትዬ የሻረግ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ጠቅላላው ጉዞ ላይ ያለቀስኩት እዚያ ነው፣ ብዙም አልቆየሁበትም።

ባሕር ዳር

ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ገባሁ። ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ሴት ሣጥኑን አይታ ዓሣ ነው ወይ አለችኝ፤ እርጎ ነው አልኳት። ዓሣ የሚይዘው ከባሕር ዳር የሚወጣ ሣጥን እንጂ ወደ ባሕር ዳር የሚገባ እንዳልሆነ ልነግራት ነበር፣ ደከመኝ። እርሾው በሕይወት ነበር። በሦስት ማቀዝቀዣ ከፋፍዬ አስቀመጥኩት፤ የጄኔሬተሩን ነዳጅም ራሴ ሞላሁ። አንድ ድርሻ ደግሞ ለጎረቤቴ ሰጠኋት፣ ከማቀዝቀዣው ይልቅ እሷን ስላመንኩ።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። የተመለሰ ወተት አይጠፋም፣ ወደ አንድ ቤት ይገባል። ሁለት ዓመት ሙሉ ወተት ውስጥ ያለውን ስለካ፣ ማን እንደሚጠጣው አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እትዬ የሻረግ ደወሉልኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነበር። አዲሱ መኖ ቆጥ ላይ ነው፣ ማኅበሩ ወተታቸውን ዳግመኛ ተቀብሏቸዋል። ከበስተኋላ ቤዛ ትጮሃለች።

«እርጎ አምጪ እያለች ነው፣ ቅሉን እያየች» አሉኝ። «ልስጣት?»

የሚያዝያዋ እኔ ብሆን ወዲያው አዎ ባልኩ ነበር።

«ከየትኛዋ ላም ነው ወተቱ?» አልኩ። «መቼ ነው የተለካው? ፋጉሎውን ከሥር እጅዎን ሰደው ዳሰሱት? እሷ በቀን ስንት ጣሳ ነው የምትበላው?»

ተቋረጠ ብዬ ልዘጋው ስል ድምፃቸው መጣ።

«አሁን ገና ጠየቅሽ» አሉኝ።